ሠፈሩ ራሱ የጻፈው ፕላን

የሕንፃችን መግቢያ ላይ ስለ ፒኑይ-ቢኑይ ማስታወቂያ የተለጠፈ ቀን እናቴ «ምን ይላል?» አለችኝ። አነበብኩላት። ቀጥላ የጠየቀችኝን ግን መመለስ አቃተኝ፦ «ታዲያ እኛን ማን ጠየቀን?»

ጥያቄዋ እንግሊዝ አገር ድረስ ወሰደኝ፤ በመጽሐፍ ማለቴ ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እዚያ ከ1947ቱ የፕላን ሕግ ወዲህ መሬት ያለው ሁሉ እንደፈለገ አይገነባም፤ ፈቃድ ይጠይቃል። ዒሪያው ከከለከለው ይግባኝ ይላል። ይግባኙን ከማዕከላዊ መንግሥት የሚላክ ኢንስፔክተር ይመረምራል፤ ከበድ ያለውን ጉዳይ ሚኒስትሩ ራሱ ይወስናል። ነዋሪው ከመቃወሚያ ደብዳቤ ያለፈ ብዙም ድርሻ አልነበረውም። በ2011 የወጣው የሎካሊዝም ሕግ ግን ለሠፈር ሰዎች የራሳቸውን ፕላን የመጻፍ መብት ሰጠ። የቀበሌ ምክር ቤት በሌለበት ቦታ ቢያንስ 21 ሰዎች ተሰብስበው መጀመር ይችላሉ። ገለልተኛ መርማሪ ያየዋል፣ ሕዝቡ ድምፅ ይሰጥበታል፤ ካለፈ ሕጋዊ ኃይል አለው።

ወረቀቱ ጥርስ እንዳለው የታየው ብሮተን አስትሊ በምትባል በሌስተርሺር የምትገኝ መንደር ነው። አንድ አመልካች እስከ 111 ቤት ለመሥራት ይግባኝ አለ። የአካባቢው አስተዳደር ለአምስት ዓመት የሚበቃ የቤት መሬት ማሳየት አልቻለም ነበር፤ በአገሩ ደንብ ደግሞ እንዲህ ሲሆን ሚዛኑ ወደ ገንቢው ያደላል። ሆኖም ሚኒስትሩ ኤሪክ ፒክልስ በሚያዝያ 2014 ይግባኙን ውድቅ አደረገ። ለምን? መንደሩ «ቤት አንፈልግም» አላለማ! በመቶዎች ለሚቆጠሩ ቤቶች ቦታውን ራሱ መርጦ ነበር፤ ያ መሬት ግን ከተመረጡት አንዱ አልነበረም። በ2015 ዳኛ ሊንድብሎም ውሳኔውን አጸኑት፦ ፕላኑ ጊዜው አልፎበታል ቢባል እንኳ ክብደቱ ዜሮ አይሆንም፤ ክብደቱን የሚመዝነው ወሳኙ አካል ነው።

ከዚያ በኋላ ደንቡ ወዲያ ወዲህ ሲል ቆየ። በታኅሣሥ 2016 መንግሥት ጥበቃውን ከሁለት ዓመት በታች ለሆኑና ለቤት ቦታ ለመደቡ ፕላኖች ሰጠ፤ በ2023 መጨረሻ ወደ አምስት ዓመት ተራዘመ። ዝም ብሎ እምቢ የሚል ፕላን ይህን ጥበቃ አያገኝም።

እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። በዕድሉ ይበልጥ የተጠቀሙት ጊዜም ባለሙያም ያላቸው፣ ደህና ኑሮ ያላቸው የገጠር መንደሮች ናቸው። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው ማታ ማታ ለዓመታት ስብሰባ ይቀመጣል እንዴ?

እኛ አገር በ1965ቱ የፕላንና የግንባታ ሕግ ሽኩናው የራሱን እንዲህ ያለ ፕላን አይጽፍም። ፕላኑ ለተቃውሞ ክፍት ሲሆን፣ በተለምዶ በሁለት ወር ውስጥ፣ ሂትናግዱት ማስገባት ይቻላል። ማለትም የምንሰማው ሌላው ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው፤ ያውም በዕብራይስጥ፣ ያውም በመሐንዲስ ቋንቋ።

ማስታወቂያው ላይ የፕላኑ ቁጥር ነበረ። ፋይሉን አወጣሁትና ማታ ማታ ለእናቴ በአማርኛ አስረዳታለሁ። ሦስተኛው ገጽ ላይ ደርሰናል፤ ስለ መኪና ማቆሚያው አሁኑኑ ጥያቄ አላት።