«መግባት አልተፈቀደም»፦ የአንዲት አጭር መልእክት ረጅም ታሪክ

ሊንክ ተላከላችሁ፣ ነካችሁት። ሰነዱ ይከፈታል ብላችሁ ስትጠብቁ «አክሰስ ዲናይድ» የሚል ጽሑፍ ብቻ መጣ። ብዙዎቻችን ይሄኔ ስልኩን አጥፍተን እናበራለን፣ ኔትወርኩን እንረግማለን። ኔትወርኩ ግን ሥራውን ሠርቷል እኮ! ጥያቄያችሁ ደርሷል፣ መልስም ይዞ ተመልሷል። መልሱ «አይሆንም» ሆነ እንጂ።

እኔ ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ለነፃ የትምህርት ዕድል ሳመለክት የጥናት ዕቅዴን በሊንክ ላክሁ። አያት ቤቴ ቁጭ ብዬ ስሞክረው በደንብ ይከፈታል። ለካ የሚከፈተው ለእኔ ብቻ ነበር። ገምጋሚው ፈቃድ የጠየቀበትን ኢሜይል ያየሁት ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ «ይህን ክልከላ ማን ፈጠረው?» የሚለው ጥያቄ አልለቀቀኝም።

በመጀመሪያዎቹ ኮምፒውተሮች ላይ ክልከላ ብዙም አያስፈልግም ነበር፤ ማሽኑ በተራ የሚያገለግለው አንድ ሰውን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1961 ግን በአሜሪካው ኤምአይቲ ፈርናንዶ ኮርባቶና ባልደረቦቹ ብዙ ሰዎች አንድ ማሽን በአንድ ጊዜ የሚጠቀሙበትን ሲቲኤስኤስ የተባለ ሥርዓት አሳዩ። የሁሉም ሰው ፋይል አንድ ቤት ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሰው የይለፍ ቃል ተሰጠው።

ቁልፉ ብዙም ሳይቆይ ተሰበረ። በ1962 አለን ሸር የተባለ የዶክትሬት ተማሪ በሳምንት የተፈቀደለት 4 ሰዓት አልበቃ አለው። ፋይል እንዲታተም በተበሳ ካርድ መጠየቅ ይቻል ነበርና የይለፍ ቃሎቹን ፋይል አሳተመ፤ በሌላ ሰው ስም እየገባም ሥራውን ቀጠለ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ደግሞ ሁለት ፋይሎች በስህተት ተቀያየሩ። ወደ ሥርዓቱ የገባ ሰው ሁሉ በዕለቱ መልእክት ፈንታ የሁሉንም ተጠቃሚ የይለፍ ቃል ዝርዝር አየ!

የይለፍ ቃል «ማን ነህ?» ለሚለው ብቻ ነው የሚመልሰው። «ምን እንድታይ ተፈቅዶልሃል?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ዲዛይኑ ይፋ የሆነው መልቲክስ ለዚህ መልስ ነበረው፦ እያንዳንዱ ፋይል ማን ሊያነበው፣ ማን ሊጽፍበት እንደሚችል የሚናገር የስም ዝርዝር ይኑረው። ዛሬ «ሼር» የሚለውን ተጭናችሁ የጓደኛችሁን ኢሜይል ስታስገቡ የምትሞሉት የዚያን ዝርዝር የልጅ ልጅ ነው።

ድረ ገጽ ሲመጣ ክልከላው ቁጥር ተሰጠው። እ.ኤ.አ. በሜይ 1996 የወጣው የኤችቲቲፒ ሰነድ ውስጥ ዛሬም የምናያቸው ሦስት ቁጥሮች አሉ። የአያት ኮንዶሚኒየም በር ላይ የቆመ ጥበቃ ነው ብላችሁ አስቡት። 401 ካለ፦ «ማን ነህ? መታወቂያ አሳይ።» 403 ካለ፦ «የፈለግኸው ገብቶኛል፤ ግን መግባት አልተፈቀደልህም።» 404 ካለ ደግሞ፦ «እንዲህ የሚባል ቤት እዚህ የለም።» ጥበቃው አንዳንዴ ቤቱ እያለም «የለም» ሊል ይችላል፤ ደንቡ ይፈቅድለታል። ጊትሀብ የግል ፕሮጀክቶችን ከማያውቃቸው ሰዎች የሚደብቀው እንዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2016 አራተኛ ቁጥር ተጨመረ፦ 451። ትርጉሙ «በሕግ ምክንያት ማሳየት አልችልም» ነው። ስያሜው የመጣው መጻሕፍት ስለሚቃጠሉበት ዓለም ከሚያወራው የሬይ ብራድበሪ ልብ ወለድ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ የሚከለክል አካል ካለ ቢያንስ መከልከሉ ይነገር።

በዚያው ዓመት እኛ አገር ምን ሆነ? በግንቦት 2008 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጣና ተሰረዘ። ማየት የሌለባቸው ሰዎች ሰነዱን አይተውታል። ሐምሌ ላይ ፈተናው በድጋሚ ሲሰጥ ፌስቡክን፣ ትዊተርንና ቫይበርን የመሳሰሉ ተዘጉ። በ2009 ዓ.ም. የፈተና ሰሞን ደግሞ ኢንተርኔቱ ራሱ ተቋረጠ። መስመር ሲቋረጥ 403ም 451ም አይመጣም፤ ጥያቄያችሁ በሩ ጋ አልደረሰማ! ማን እንደከለከላችሁ፣ ለምን እንደሆነ፣ ማንን እንደምትጠይቁ ስክሪኑ አይነግራችሁም። ከግልጽ እምቢታ ዝምታ የሚብሰው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ቀጥሎ «አልተፈቀደም» ሲላችሁ አትናደዱ፣ አንብቡት። መጀመሪያ በየትኛው ኢሜይል እንደገባችሁ ተመልከቱ። ሰነዱ ለትምህርት ቤት ኢሜይላችሁ ተልኮ እናንተ በግላችሁ ገብታችሁ ይሆናል። ግቢ ውስጥ ይከፈት የነበረ የጥናት ጽሑፍ ቤት ስትደርሱ እምቢ ካለ፣ ድረ ገጹ የሚያውቀው እናንተን ሳይሆን የዩኒቨርሲቲውን ኔትወርክ ሊሆን ይችላል፤ ቤተ መጻሕፍቱን ከውጭ እንዴት እንደሚገባ ጠይቁ። ሁሉም ትክክል ከሆነ ባለቤቱን ፈቃድ ጠይቁ፤ ዝርዝሩ ላይ ስማችሁን መጻፍ የሚችለው እሱ ነው።

ላኪ ስትሆኑ ደግሞ ሊንኩን ከመላካችሁ በፊት በኢንኮግኒቶ መስኮት ክፈቱት። እዚያ ብሮውዘሩ አያውቃችሁም፤ እንደ እንግዳ በሩ ላይ ትቆማላችሁ። ሰነዱን ለተወሰኑ ሰዎች ብቻ ከፍታችሁት ከሆነ እናንተንም መከልከሉ ትክክል ነው፤ ያኔ የተቀባዩ ኢሜይል ዝርዝሩ ውስጥ መኖሩን አረጋግጡ። ሊንኩ ያለው ሁሉ ያየዋል ብላችሁ ከሆነ ግን ለእናንተ ካልተከፈተ ለገምጋሚውም አይከፈትም። እኔ ያቺን አንድ ደቂቃ ብሰጥ ኖሮ ዕድሉ አያመልጠኝም ነበር።