ከመምህራን ጡረታ የተበደረ መንግሥት

ዲሴምበር 9 ቀን 2008 ንጋት ላይ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኤፍ.ቢ.አይ. መርማሪዎች የኢሊኖይ ግዛት አገረ ገዥ የነበረውን ሮድ ብላጎየቪችን ቺካጎ ካለው መኖሪያ ቤቱ ይዘውት ሄዱ። ዓለም አጥብቆ የሰማው አንዱን ክስ ነው፤ ባራክ ኦባማ ፕሬዚዳንት ሆኖ ሲመረጥ የለቀቀውን የሴኔት ወንበር ለመሸጥ ሞክሯል የሚለውን። በዚያው የክስ ወረቀት ላይ ግን ሌላም ነገር ነበር። አገረ ገዥው በርዕሰ አንቀጽ እየደጋገሙ የሚተቹትን የቺካጎ ትሪቢውን ጋዜጣ ጸሐፊዎች ከሥራ ለማስባረር ሲዶልት በስልክ ጠለፋ ተቀድቷል።

የጋዜጣው ባለቤት የሆነው ኩባንያ ያን ጊዜ የቺካጎ ከብስ የቤዝቦል ቡድንና የሪግሊ ፊልድ ስታዲየምም ባለቤት ነበር። ስታዲየሙን ለመሸጥ የግዛቱን መንግሥት ድጋፍ ይፈልጋል፤ ድጋፉ ለኩባንያው ቢያንስ 100 ሚሊዮን ዶላር ያወጣል ተብሎ ተገምቷል። ዐቃቤ ሕግ እንዳቀረበው አገረ ገዥው በጽሕፈት ቤት ኃላፊው በኩል እንዲደርስ ያዘዘው መልእክት አጭር ነው፦ ጸሐፊዎቹ ይባረሩ፣ ያለዚያ ድጋፉ የለም። ኩባንያው ደግሞ በዕዳ ተወጥሮ ነበር፤ አገረ ገዥው ከመያዙ ከአንድ ቀን በፊት የኪሳራ ጥበቃ ለመጠየቅ ፍርድ ቤት ገብቷል። ጫናው የመጣበት የጉሮሮው ክር በቀጠነበት ሰዓት ነው። ያም ሆኖ በዚህ ምክንያት የተባረረ ጸሐፊ አልነበረም።

“ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል” የሚለው ተረት የአበሻ ብቻ ይመስላል። ኢሊኖይ ግን ተረቱን ሳይሰማ ኖሮበታል። ከ1961 ወዲህ ግዛቱን ካስተዳደሩት አገረ ገዥዎች አራቱ እስር ቤት ገብተዋል፦ ኦቶ ከርነር፣ ዳን ዎከር፣ ጆርጅ ራያንና ብላጎየቪች። ዎከር እንኳ የታሰረው ከሥልጣን ከወረደ በኋላ በፈጸመው የባንክ ማጭበርበር ነው።

ሆኖም የግዛቱን ትልቁን ጉድጓድ የቆፈረው የእነዚህ ሰዎች ጉቦ አይደለም። ጉድጓዱ የተቆፈረው በጠራራ ፀሐይ፣ በሕግ፣ እጅ እየወጣ ነው። እሱም የመንግሥት ሠራተኛው የጡረታ ገንዘብ ነው።

ታሪኩ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነው። በ1917 የግዛቱ የጡረታ ሕጎች ኮሚሽን መንግሥት የሚገባውን ገንዘብ ስለማያስገባ የጡረታ ተቋማቱ ወደ ኪሳራ እያመሩ መሆናቸውን ለባለሥልጣናቱ በጽሑፍ አስጠንቅቆ ነበር። ሪፖርቱ ተነበበ፤ ከዚያም መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ።

የጡረታ አሠራር ለገባው ሰው እንደ ዕድር ነው። ዛሬ የሚዋጣው ለነገው ክፉ ቀን ነው። በኢሊኖይ አንድ መምህር ከደመወዙ ዘጠኝ በመቶ ገደማ በየወሩ ይቆረጥበታል። እሱ ልቅር ቢል አይችልም፤ ገንዘቡ እጁ ሳይገባ ተቆርጦ ይሄዳል። የቀረውን ድርሻ ማስገባት ያለበት የግዛቱ መንግሥት ነው። በየዘመኑ “የዘንድሮው ይለፈኝ” ሲል የኖረው ታዲያ ይኸው ሁለተኛው ወገን ነው። ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ አብዛኞቹ የኢሊኖይ መምህራን በፌዴራሉ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ያልታቀፉ መሆናቸው ነው። የግዛቱ ጡረታ ከቀረ በመምህርነት ዘመናቸው ያጠራቀሙት ሌላ የመንግሥት ጡረታ የላቸውም።

በ1970 አዲስ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ይህ ስጋት በአዳራሹ ውስጥ ነበር። ስለዚህ በአንቀጽ 13 ክፍል 5 ላይ የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በሕግ የሚያስገድድ ውል እንደሆነና ጥቅሙ ሊቀነስም ሊሸረሸርም እንደማይችል ተጻፈ። ተስፋው ጠንካራ ነበር፤ ገንዘቡ ግን አብሮ አልመጣም። ተከፋዩ መብት በሕገ መንግሥት ሲታሰር ከፋዩ በየዓመቱ የሚያስገባው መጠን ለፖለቲከኞች ፈቃድ ተተወ።

በ1994 ሪፐብሊካኑ አገረ ገዥ ጂም ኤድጋር መፍትሔ የተባለ ሕግ ፈረመ። ዕቅዱ የሃምሳ ዓመት ነው፤ በ2045 ፈንዶቹ ከሚያስፈልጋቸው ገንዘብ 90 በመቶው እንዲኖራቸው። ላይ ላዩን ሲያዩት ቆራጥ እርምጃ ይመስላል። ውስጡ ግን ለመጀመሪያዎቹ አሥራ አምስት ዓመታት ክፍያው ዝቅ ብሎ እንዲጀምርና ቀስ እያለ እንዲወጣ የተሠራ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የሚገባው ገንዘብ የዕዳውን ዕድገት እንኳ የሚያቆም አልነበረም። ሕጉን ያወጡት ሰዎች ቀላሉን ክፍያ ለራሳቸው ዘመን ወሰዱ፤ ዳገቱን ያን ጊዜ ገና ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች አቆዩላቸው። ይህ ሁሉ ፍጹም ሕጋዊ ነበር።

ዴሞክራቱ ብላጎየቪች ከራያን ቅሌት በኋላ “ቤቱን አጸዳለሁ” ብሎ ሥልጣን ያዘ። በ2003 በጡረታው ስም የ10 ቢሊዮን ዶላር ቦንድ ተሸጠ። ከዚህ ውስጥ ወደ ፈንዶቹ የገባው 7.3 ቢሊዮን ገደማ ነው። ከቀሪው አብዛኛው መንግሥት ለ2003 እና ለ2004 ከራሱ ኪስ ማዋጣት የነበረበትን ገንዘብ ለመሸፈን ዋለ። ቤት ሊጠግን ተበድሮ በብድሩ ገሚስ ቀለብ እንደሚገዛ አባወራ ማለት ነው። ብድሩ ተከፍሎ የሚያልቀው በ2033 ነው።

ይህም አልበቃም። በ2005 በወጣ ሕግ የቀጣዮቹ ሁለት ዓመታት መዋጮ በ2.3 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተቀነሰ። በእንግሊዝኛው አነጋገር የዚህ ዓይነቱ ነገር “የጡረታ ዕረፍት” ይባላል። ያረፈው መንግሥት ነው እንጂ መምህሩ አይደለም፤ የእሱ መዋጮ በነዚያ ዓመታትም በየወሩ ይቆረጥ ነበር።

በዚሁ ዘመን የመምህራን ጡረታ ተቋም ቦርድ ውስጥ ሌላ ገበያ ቆሞ ነበር። የቦርዱ አባል ስቱዋርት ለቪንና የአገረ ገዥው ገንዘብ አሰባሳቢ ቶኒ ሬዝኮ የጡረታውን ገንዘብ ለማስተዳደር ከሚፈልጉ ኩባንያዎች ጉቦና የምርጫ መዋጮ ለመቀበል ይሠሩ ነበር። በ2004 ካፕሪ ካፒታል የተባለ ድርጅት ከተቋሙ 220 ሚሊዮን ዶላር ሊመደብለት ሲል ነገሩ ተያዘበት። ከባለቤቶቹ አንዱ ቶማስ ሮዘንበርግ ነው፤ “ሚሊዮን ዶላር ቤቢ” የተሰኘውን ፊልም ካዘጋጁት ፕሮዲዩሰሮች አንዱ። ገንዘቡ እንዲለቀቅ መክፈል እንዳለበት ሲረዳ ለመንግሥት እናገራለሁ ብሎ ዛተ። ሰዎቹም ወደ ኋላ አሉ፤ ገንዘቡ ተለቀቀ። በኋላ ሬዝኮ አሥር ዓመት ተኩል፣ ለቪን አምስት ዓመት ተኩል ተፈረደባቸው። በሴራው የነበረበት ባለሀብቱ ዊልያም ሴሊኒም አንድ ዓመት ከአንድ ቀን ተፈረደበት።

እዚህ ላይ ሁለቱን ማነጻጸር ይገባል። በካፕሪ ጉዳይ የተጠየቀው ጉቦ በሁለት ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። ምክር ቤቱ በ2005 በድምፅ ያስቀረው መዋጮ ከዚህ ከሺህ እጥፍ በላይ ይሆናል። ለመጀመሪያው ሰዎች ታሰሩ። ለሁለተኛው የተጠየቀ የለም፤ ሕግ ነበርና። ያም ሆኖ ሁለቱ ከአንድ እናት የተወለዱ ናቸው። ሁለቱም የሚነሡት “የሽማግሌው ገንዘብ ዛሬ ጠያቂ የለውም” ከሚል ሐሳብ ነው።

ጠያቂ እንዳይኖር ደግሞ ዝምታ ያስፈልጋል። በማርች 2013 የአሜሪካ የአክሲዮንና የቦንድ ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ኢሊኖይን በማጭበርበር ከሰሰ። ግዛቱ ከ2005 እስከ 2009 ድረስ 2.2 ቢሊዮን ዶላር የሚያወጣ ቦንድ ሲሸጥ የጡረታ አከፋፈል ዕቅዱ ራሱ ጉድለቱን እንደሚያሰፋ ለገዢዎቹ በግልጽ አልነገረም ነበር። ግዛቱ ጥፋቱን ሳያምንም ሳይክድም ጉዳዩን በስምምነት ዘጋ፤ ቅጣትም አልተጣለበትም። ጋዜጠኛን ለማስባረር የተደወለው ስልክና በቦንድ ሰነድ ላይ ያልተጻፈው ዓረፍተ ነገር የአንድ ዘመን ሥራ ናቸው። ሁለቱም የሚከፍለው ሰው ሒሳቡን እንዳያይ የሚጋርዱ ነበሩ።

ሒሳቡ ሲወጣ መንግሥት ፊቱን ወደ ጡረተኛው አዞረ። በ2013 የወጣ ሕግ ለነባር ሠራተኞችና ለጡረተኞች በየዓመቱ የሚደረገውን የኑሮ ውድነት ጭማሪ ቀነሰ። ሜይ 8 ቀን 2015 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሕጉን በሙሉ ድምፅ ሻረው። ዳኞቹ የ1917ቱን ማስጠንቀቂያ ከመደርደሪያው አውርደው በፍርዱ ውስጥ ጠቀሱት። የፍርዱ መንፈስ ግልጽ ነው፦ መንግሥት ጉድለቱ ሲመጣ እያየ ዝም ብሎ ኖሮ፣ ያንኑ ጉድለት ውል ለማፍረስ ምክንያት አድርጎ ማቅረብ አይችልም። ይኸው ፍርድ ቤት በ2010 በሙስና የተፈረደበት ራያን ጡረታውን እንዲያጣ ወስኖ ነበር። ውሉን ያጎደለ ባለሥልጣን ጡረታውን አጣ፤ ውሉን የጠበቁት መምህራን የነሱን አስጠበቁ።

ከጡረተኛው መውሰድ ስላልተቻለ ዕዳው ገና ወዳልመጣው ሠራተኛ ተገፋ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2011 ወዲህ ለተቀጠሩ መምህራንና ሠራተኞች ሌላ፣ ያነሰ ጡረታ ተደንግጓል፤ ሙሉ ጡረታ የሚያገኙት በ67 ዓመታቸው ነው። በአንድ ትምህርት ቤት፣ ጎን ለጎን ባሉ ክፍሎች የሚያስተምሩ ሁለት መምህራን እኩል እየሠሩ እኩል አይጦሩም። በ2017 የግዛቱ የብድር ደረጃ “ቆሻሻ” ከሚባለው አንድ እርከን ብቻ ከፍ ብሎ ነበር። በ2023 ያልተሸፈነው የጡረታ ዕዳ ከ140 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሆኗል፤ ከጄኔራል ፈንድ በጀቱ አንድ አምስተኛ የሚጠጋው ለጡረታ ይሄድ ነበር። ከፋዩ ያ ጊዜ ያለፈበት ምክር ቤት አይደለም። ከፋዩ ዛሬ እዚያ የሚኖር ሁሉ ነው፤ ቺካጎ ውስጥ ታክሲ የሚነዳው ወይም ሱቅ የከፈተው ኢትዮጵያዊም ጭምር።

ብላጎየቪች በጃንዋሪ 2009 በሴኔቱ 59 ለ0 ድምፅ ከሥልጣን ወረደ። በኋላ 14 ዓመት ተፈረደበት፤ ስምንት ዓመት ገደማ ከታሰረ በኋላ በ2020 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ፍርዱን አሳጥሮ ለቀቀው፤ በ2025 ደግሞ ሙሉ ምሕረት ሰጠው። ለሰው ምሕረት ይደረጋል። የቦንዱ ወለድ ግን ምሕረት አያውቅም፤ እስከ 2033 ይከፈላል።

ከኢሊኖይ መቶ ዓመት የሚወሰደው ትምህርት ሌባ ይታሰር የሚለው ብቻ አይደለም። ሌባውማ ታስሯል። ትልቁ ገንዘብ የጠፋው ማንም ሳይሰርቅ ነው፤ “የዘንድሮው ይለፈን” የሚል ሕግ ሲጸድቅ፣ ማስጠንቀቂያ መደርደሪያ ላይ ሲቀመጥ፣ የሚጠይቀውን ለማስባረር ስልክ ሲደወል። የጡረታ ፈንድ መንግሥት ከሕዝቡ ፊት የማይጠፋበት ብቸኛው የቁጠባ ደብተር መሆን ነበረበት። ደብተሩ ተዘግቶ በኖረ ቁጥር ዕዳው እየሰፋ ይሄዳል፤ አንድ ቀን ሲከፈት የሚያነበው ደግሞ ጠመኔ ይዞ የሸበተው መምህር ነው።