ቅርጽና ስም፦ የዳያተም ምደባ ታሪክ ከአዲስ ከተማ እስከ አቃቂ



ንግግሬን ሁላችንም ከምናውቀው ስፍራ፣ ከመርካቶ ልጀምር። ገበያው ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ አሁኑ ቦታው የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። ዕቃው በየተራው ተመድቦ ይሸጣል፤ ሸማ ተራ፣ ሚስማር ተራ፣ ድር ተራ፣ ምናለሽ ተራ። ቦምብ ተራ ግን ዛሬ ቦምብ አይሸጥበትም፤ የቀረው ስሙ ነው። የምድብ ስም ከተሰጠበት ዘመን በኋላ ይኖራል፤ ስሙን ብቻ አምኖ የሚሄድ ይሳሳታል። በሥነ ሕይወት ምደባም የሆነው ይኸው ነው።

ከአዲስ ከተማ የሚወርደው ጎርፍና ፍሳሽ ወደ ትንሹ አቃቂ ይገባል። በወንዙ ዳር ያለ ድንጋይ ሲነካ የሚያሟልጨው ቡናማ ሽፋን በአብዛኛው ዳያተም የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ ዋቅላሚዎች ስብስብ ነው። እያንዳንዳቸው እንደ ሙዳይና ክዳኑ የሚገጣጠሙ ሁለት የሲሊካ ቅርፊቶች አሏቸው። መርማሪው ናሙናውን በአሲድ ወይም በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አፍልቶ ሥጋውን ያስወግዳል፤ የቀረውን ቅርፊት በስላይድ ላይ አጣብቆ በማይክሮስኮፕ ያያል። ክብ ነው ወይስ ሞላላ? ራፌ የተባለው ስንጥቅ በመካከል ነው ወይስ በጠርዝ? በ10 ማይክሮሜትር ውስጥ ስንት መስመር ይቆጠራል? የዝርያው ስም የሚወሰነው በእነዚህ መልሶች ነው።

ይህ ዘዴ በአንድ ቀን አልተገኘም። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጀርመናዊው ክርስቲያን ጎትፍሪድ ኤረንበርግ ከባልደረባው ከቪልሄልም ሄምፕሪሽ ጋር ግብጽንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ ዞሮ እስከ ምጽዋ ደርሶ ነበር፤ ሄምፕሪሽ በ1825 እዚያው ምጽዋ ሞተ። ኤረንበርግ በ1838 ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ ዳያተሞችን ሆድ ያላቸው እንስሳት አድርጎ መደባቸው። የአገሩ ልጅ ፍሪድሪኽ ኩትሲንግ ግን ቀደም ብሎ በ1834 ቅርፊታቸው ሲሊካ መሆኑን አሳይቶ ነበር፤ በ1844ም ስለ ዳያተሞች ባሳተመው መጽሐፍ ሲኔድራ ፓሊያ የተባለውን ዝርያ ሰየመ። ዊልያም ስሚዝ በ1856 ይህንኑ ዝርያ ወደ ኒችያ ወገን አዛወረው። ኒችያ ፓሊያ ዛሬ በዓለም ዙሪያ የከፋ ብክለትን በመቋቋም የታወቀ ነው።

በምሥራቅ አፍሪካ ይህን ዕውቀት ከአካባቢው ውሃ ጋር ካገናኙት መካከል ፈረንሳዊቷ ፍራንሷዝ ጋስ ቀዳሚ ናት። በአፋር የአቤ ሐይቅን ጥንታዊ ደለል መርምራ የሐይቁን መሙላትና መጉደል ከዳያተም ቅርፊት አነበበች፤ በ1986ም የምሥራቅ አፍሪካን ዳያተሞች ከሚኖሩበት ውሃ ጠባይ ጋር አቀናጅታ አሳተመች። ከዚያ ወዲህ የዝርያ ስም ለአካባቢያችን የውሃ ታሪክ ምስክር ሆነ።

በ2009 ሁለት ጥናቶች ታተሙ። የመጀመሪያው አበበ በየነና ባልደረቦቹ በቀበናና በአቃቂ ወንዞች ላይ ያደረጉት ነው። ብክለቱ እጅግ በከፋባቸው ቦታዎች በዓይን የሚታዩት ትንንሽ የውሃ እንስሳት ሲጠፉ ዳያተሞች ግን ስለሚቆዩ፣ የብክለትን ደረጃ ለመለየት ዳያተሞች የተሻሉ መሆናቸውን አሳዩ። ሁለተኛው ጥናት የተካሄደው በሌላ ስፍራ ነው፤ ከተለያዩ አገሮች የተሰበሰበው ኒችያ ፓሊያ በዘር ቅንጣቱና በመራባቱ ሲመረመር አንድ ሳይሆን ብዙ ዝርያ ሊሆን እንደሚችል አመለከተ። በቅርጽ አንድ የሚመስሉት እርስ በርስ የማይራቡ ሆነው ተገኙ።

እንግዲህ ምስክሩ ታማኝ ነው፤ ስሙ ግን ገና አልጠራም። ይህ የቃላት ክርክር ብቻ አይደለም። በአቃቂ ውሃ የሚለማው ጎመንና ሰላጣ ተመልሶ ለከተማው ገበያ ይቀርባል። ከአውሮፓ ወንዞች ተነሥቶ ለአንድ ስም የተሰጠውን የብክለት ነጥብ ሳንመረምር ለአቃቂ ብንጠቀምበት፣ ስለ ውሃው የምንሰጠው ፍርድ ሊሳሳት ይችላል። ስሙን ንቀን ብንተወው ደግሞ ካሉን መመዘኛዎች አንዱን እናጣለን።

ለተማሪዎቼ የምመክረው ይህንን ነው። የዝርያ ስም በሪፖርት ላይ ከመጻፋችሁ በፊት ርዝመቱን፣ ስፋቱንና የመስመሩን ቁጥር መዝግቡ፤ ፎቶግራፍ አንሡ፤ ስላይዱን ቀኑንና ቦታውን ጽፋችሁ አስቀምጡ። ሲኔድራ ፓሊያ ኒችያ ፓሊያ ሆኗል፤ ነገ ሌላ ስም ሊሰጠው ይችላል። የሲሊካው ቅርፊት ግን አይበሰብስም። ስላይዱ በእጃችን ካለ የሚመጣው ትውልድ ስሙን አርሞ የዛሬውን አቃቂ እንደገና ሊያነበው ይችላል። ስሙ ብቻ ከቀረ ግን የሚያርመው ነገር አይኖረውም።