ሰም የለበሰ መልእክት

በመስከረም 2009 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ቡራዩ ባንክ ቤት እሠራ ነበር። ፌስቡክ ሲዘጋ የሰበታና የሱሉልታ ወዳጆቼ ሳይፎን የተባለውን ማለፊያ በሹክሹክታ ይቀባበሉ ጀመር።

ታሪኩ ግን ከዚያ ይቀድማል። በግንቦት 2004 ዓ.ም. ቶር የተባለው ስውር መንገድ በአገራችን ተዘጋ። መልእክቱ የተመሰጠረ ነውና ሳንሱሩ ሊያነበው አልቻለም፤ በሰላምታ አሰጣጡ ግን ማንነቱን ለየው። መፍትሔው ኦብፍስፕሮክሲ ሆነ፤ ሰላምታውንም ጭምር ትርጉም የለሽ ግርግር አስመስሎ አሳለፈው።

ቅኔ ወዳድ በዚህ አይደነቅም። ምስጢርን መቆለፍ አንድ ነው፤ ምስጢር መኖሩን መሰወር ሌላ። ሰም የሚያስፈልገው ለሁለተኛው ነው።

በሰኔ 2010 ዓ.ም. 264 ድረ ገጾች መከፈታቸው ተነገረ። እኔ ግን ሰም ያልለበሰ ግጥም መጻፍ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል።