አትክልትን በጅምላ ገዝቶ ለክረምት በማቀዝቀዣ የማቆየት ዘዴ

ቦርደዴ ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ቆላማ ከተማ ናት። በዚህችም ሆነ ቀድሞ አሰበ ተፈሪ በሚል ስያሜ ትታወቅ በነበረችው በጭሮ በወር ደመወዝ የሚተዳደር ቤተሰብ የአትክልት ወጪው ከወቅት ወቅት እንደሚለያይ ይታወቃል። በአገሪቱ አብዛኛው ቲማቲምና ሽንኩርት የሚመረተው በበጋ በመስኖ ነው። ከሰኔ ወር ጀምሮ ዝናቡ ሲበረታ የቲማቲም ዋግና የሽንኩርት ቅጠል በሽታ ስለሚስፋፉ ምርቱ ይቀንሳል፤ ዋጋውም ይንራል። በመሆኑም አትክልት በሚረክስበት ወቅት በሣጥንና በጆንያ ገዝቶ በማቀዝቀዣ ማቆየት ለክረምቱና ለፍልሰታ ጾም ገበታ አስተማማኝ ስንቅ ሊሆን ይችላል።

የአሠራሩ መነሻ

አትክልትን በፍጥነት አቀዝቅዞ የማቆየት ዘመናዊ ዘዴ የተስፋፋው ክላረንስ በርድስአይ የተባሉ አሜሪካዊ በ1920ዎቹ ባደረጉት ጥረት ሲሆን፣ ምርቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በችርቻሮ የቀረበው እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1930 በስፕሪንግፊልድ ከተማ ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ምግብን የሚያበላሹ ረቂቅ ሕዋሳት መራባት ያቆማሉ። ይሁን እንጂ አይሞቱም፤ በረዶው ሲቀልጥ እንደገና ይራባሉ። ስለዚህ የሚቀመጠው አትክልት ያልተበላሸና በንጹሕ ውኃ የታጠበ ሊሆን ይገባል።

በፈላ ውኃ መንከር

አብዛኛው አትክልት በጥሬው ከተቀመጠ በውስጡ ያሉ ኢንዛይሞች ቀለሙንና ጣዕሙን ያጠፉታል። ይህንን ለመከላከል አትክልቱ በፈላ ውኃ ለአጭር ጊዜ ተነክሮ ይወጣል። ለግማሽ ኪሎ አትክልት 4 ሊትር ያህል ውኃ የሚያስፈልግ ሲሆን፣ ጊዜው የሚቆጠረው ውኃው እንደገና ከፈላ በኋላ ነው። ለፎሶሊያና ለሐበሻ ጎመን 3 ደቂቃ፣ ለቆስጣና ለተከተፈ ካሮት 2 ደቂቃ፣ ለተከተፈ ጥቅል ጎመን አንድ ደቂቃ ተኩል በቂ ነው። ወዲያውኑ በቀዝቃዛ ውኃ ለተመሳሳይ ጊዜ ከቀዘቀዘ በኋላ በደንብ ተጠንፍፎ ይታሸጋል።

የቦታው ከፍታም ግምት ውስጥ መግባት አለበት። ጭሮ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። በመሆኑም ከ1,500 ሜትር በላይ በሆኑ ሥፍራዎች ለእያንዳንዱ ዓይነት አንድ ደቂቃ መጨመር ይገባል።

ሽንኩርትና ቃሪያ ተከትፈው በጥሬው መቀመጥ ይችላሉ። ቲማቲምም እንዲሁ ሲሆን፣ ሲቀልጥ ስለሚልም ለወጥ እንጂ ለሰላጣ አይሆንም። ጥሬ ድንችና የሰላጣ ቅጠል ግን ለዚህ ዘዴ አይመቹም።

ቁሌት አዘጋጅቶ ማቆየት

በብዙ ቤቶች የተለመደው ሌላው መንገድ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ቁሌት ሠርቶ ማቆየት ነው። የበሰለው ቁሌት ድስቱን በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ በማስቀመጥ በፍጥነት ማቀዝቀዝና በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ወደ ማቀዝቀዣ ማስገባት ያስፈልጋል። እንደ ቦርደዴ ባሉ ቆላማ ቦታዎች ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ ካለፈ ይህ ጊዜ ከአንድ ሰዓት መብለጥ የለበትም። ለአንድ ጊዜ ወጥ በሚበቃ መጠን ተከፋፍሎ፣ አየሩ ከፌስታሉ ወጥቶ፣ የተዘጋጀበት ቀን ተጽፎበት ቢቀመጥ ለአጠቃቀም ያመቻል።

የማቀዝቀዣው ዓይነትና የመብራት መቋረጥ

የማቀዝቀዣ የበረዶ ክፍል አቅም በላዩ ባሉት የኮከብ ምልክቶች ይታወቃል። አንድ ኮከብ ከዜሮ በታች 6፣ ሁለት ኮከብ 12፣ ሦስት ኮከብ ደግሞ 18 ዲግሪን ያመለክታሉ። በዘዴው የተዘጋጀ አትክልት በ18 ዲግሪ ከ8 እስከ 12 ወራት ጥራቱን ጠብቆ ሲቆይ፣ አንድ ኮከብ ባለው ግን ከአንድ ሳምንት በላይ ማቆየት አይመከርም።

መብራት በሚቋረጥበት ጊዜ በሩ ካልተከፈተ ሙሉ የሆነ ፍሪዘር ቅዝቃዜውን እስከ 48 ሰዓት፣ በከፊል የተሞላ ደግሞ እስከ 24 ሰዓት ሊይዝ ይችላል። ከዚያ በኋላ በረዶነቱ ያለቀቀው እንደገና ሊቀዘቅዝ ይችላል፤ ቀልጦ የሞቀው ግን መጣል አለበት። ለመስክ ሥራ ከቤት ርቆ የሚሰነብት ሠራተኛ በስኒ ውኃ አቀዝቅዞ በበረዶው ላይ ሳንቲም ቢያስቀምጥ፣ ሲመለስ ሳንቲሙ ወደ ታች ሰምጦ ከተገኘ ማቀዝቀዣው በመሐሉ መቅለጡን ያረጋግጣል። ይህ ጥንቃቄ በተለይ ሕፃናትና አረጋውያን ባሉበት ቤት ችላ ሊባል አይገባም።

ፍሪዘር የሌላቸው ወይም መብራት በየጊዜው የሚቋረጥባቸው ቤተሰቦች በርበሬን በፀሐይ አድርቆ የማቆየቱን ነባር ልማድ መጠቀም ይችላሉ። ለአንድ ቤት የሚበዛውን የቲማቲም ሣጥን ጎረቤታሞች ወይም የሥራ ባልደረቦች ተጋርተው ቢገዙት ደግሞ፣ የጅምላው ዋጋ ጥቅም ሳይቀር ከማቀዝቀዣው አቅም በላይ የሆነው ምርት ከመበላሸት ይድናል።