የስልክ መስመር ሞደም
ፕላስቲክ፣ ብረትና መዳብ። 1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ። ከውጭ አገር የገባ፤ በኢትዮጵያ ካገለገሉት ዓይነት።

ይህ ሣጥን የኮምፒውተርን መልእክት ወደ ድምፅ ለውጦ በተራ የስልክ ሽቦ ያሳልፍ፣ የመጣውንም መልሶ ይፈታ ነበር። ከኋላው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ አንዱ ለግድግዳው መስመር፣ ሌላው ለስልኩ። መስመሩ አንድ በመሆኑ ኢንተርኔት ተከፍቶ ሳለ መደወል አይቻልም።

ኢትዮጵያ «ነጥብ ኢቲ» የተባለውን የኢንተርኔት መለያዋን ጆን ፖስቴል ይመራው ከነበረው የአድራሻ መዝገብ ያገኘችው በ1988 ዓ.ም. ነው። አገልግሎቱ ግን በኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በኩል በ1989 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተጀመረ።

ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው አድራሻው ነው። ጥሪው ሲያያዝ ኮምፒውተሩ ከጋራ ክምችት አንድ የቁጥር አድራሻ ይዋሳል፤ መስመሩ ሲዘጋ ያው አድራሻ ለሌላ ደዋይ ያልፋል። እንዲህ መቆጠቡ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ32 ቢት የሚጻፉት አድራሻዎች በዓለም ሁሉ 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው። ለአፍሪካ የሚያድለው አፍሪኒክ ሙሉ ዕውቅና ያገኘው በ1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የአህጉሪቱ ኦፕሬተሮች አድራሻ የሚጠይቁት ከሌሎች አህጉራት መዝገቦች ነበር።