ዕዳው ሳይሆን ከሳሹ፦ የኦሃዮ የቤት ሀራጅ ክርክሮች

አንድ ባንክ በመያዣ የያዘውን ቤት ለማሸጥ ፍርድ ቤት ሲሄድ ብዙዎቻችን የሚታየን አንድ ጥያቄ ነው፤ ዕዳው ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም? ካልተከፈለ ደግሞ ምን ክርክር አለ እንላለን። የአሜሪካዋ የኦሃዮ ግዛት ታሪክ ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ እንዳለ ያሳየናል። ለመሆኑ ከሳሹ ማነው? (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በፊት በነበሩት ዓመታት አብዛኛው የአሜሪካ የቤት ብድር አበዳሪው እጅ ላይ አይቆይም ነበር። አበዳሪው ለሌላ ባንክ ይሸጠዋል፤ ያም ከብዙ ብድሮች ጋር ጠቅልሎ ለኢንቨስተሮች ይቸበችበዋል። ገንዘቡ ሲሮጥ ወረቀቱ ወደኋላ ቀረ። ተበዳሪው መክፈል ሲያቅተው ክስ ይዞ የሚመጣው ስሙን እንኳ ሰምቶት የማያውቅ ድርጅት ሆነ።

ኦክቶበር 31 ቀን 2007 በክሊቭላንድ የሚያስችሉት የፌዴራል ዳኛ ክሪስቶፈር ቦይኮ የዶቼ ባንክን 14 መዝገቦች ዘጉ። ባንኩ ክሱን ባቀረበበት ቀን የመያዣው ባለመብት እንደነበር አላስረዳም አሉ። ማስረጃውን አምጣ ብለው የጠየቁት ራሳቸው ዳኛው ነበሩ።

ሁሉም ዳኛ ግን እንዲህ አይጠይቅም። ዜኒያ በምትባል የኦሃዮ ከተማ ቤት የነበራቸውን ባልና ሚስት ፍሬዲ ማክ የተባለው ተቋም ኤፕሪል 2009 ከሰሳቸው። ብድሩ ወደ ፍሬዲ ማክ የተላለፈው ግን ሜይ ላይ፣ ማለትም ከክሱ በኋላ ነበር። ባልና ሚስቱ ይህንን ከፍርዱ በፊት አነሡ፤ ሲረቱም ይግባኝ ብለው ገፉበት። የኦሃዮ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኦክቶበር 31 ቀን 2012፣ ልክ ከቦይኮ ትዕዛዝ አምስት ዓመት በኋላ፣ ፈረደላቸው። የመክሰስ መብት በክሱ ቀን ከሌለ በኋላ በሚመጣ ወረቀት አይታከምም አለ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደስ ባለን። በ2014 ያው ፍርድ ቤት ሌላ ጉዳይ ቀረበለት። ባለቤቶቹ በባንክ ኦፍ አሜሪካ ተረትተው ይግባኝ ሳይሉ ቀሩ፤ ቆይተው ግን «ባንኩ የመክሰስ መብት አልነበረውም፣ ፍርዱ ይሰረዝልን» አሉ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበላቸውም። ክርክሩ በጊዜው በይግባኝ መቅረብ ነበረበት ተባሉ። መከራከሪያው ከዜኒያዎቹ ጋር አንድ ነው፤ የመጣበት ሰዓት ግን አለፈ።

እንግዲህ መቃወሚያ ዕዳ እንደማይሰርዝም እንወቅ። መዝገቡ ሲዘጋ ባንኩ ወረቀቱን አስተካክሎ እንደገና መክሰስ ይችላል። የሚገኘው ጊዜ ነው፤ ሥራ የሚፈለግበት፣ ከባንኩ ጋር ስለ አከፋፈሉ የሚነጋገሩበት፣ ካልሆነም ቤቱን በራስ ዋጋ የሚሸጡበት ጊዜ።

ኦሃዮ ውስጥ መጥሪያ የደረሰው ሰው መልስ የሚሰጥበት ቀን 28 ነው። ያ ሲያልፍ ባንኩ መልስ ባልሰጠው ሰው ላይ ፍርድ ሊጠይቅ ይችላል። መጥሪያውን በሀፍረት መሳቢያ ውስጥ የከተተ ሰው፣ ከሳሹ ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ቤቱን አስረከበ ማለት ነው።